ፕሬዚዳንቱን ማን ይምረጠው?

ከመስቀል አደባባይ ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ ሲያቀኑ፣ ከአፍሪካ አዳራሽ ትይዩ የሚታየው ሰፊ ግቢ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ነው። በ1948 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ 25ኛ ዓመት የተሠራ ሲሆን፣ ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስዋገን ተጭነው የወጡትም ከዚሁ ነው። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የርእሰ ብሔሮች መቀመጫ ሆኗል። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ፣ ሣህለ ወርቅ ዘውዴና ታዬ አጽቀ ሥላሴ፣ አምስቱም ለዚህ የበቁት በአራት ኪሎው ፓርላማ ድምፅ እንጂ በሕዝብ ኮሮጆ አይደለም።

አሠራሩ አጭር ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እጩ ያቀርባል፤ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር በጋራ ተሰብስቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸድቀዋል። ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥ ክልክል ነው። ከሁለቱ ምክር ቤቶች የተመረጠ ካለ ወንበሩን ይለቃል።

ይህ ይቅር የሚሉት አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ የአገር ተምሳሌት የሚሆነውን ሰው አገሬው ሊመርጠው ይገባል። አንድ ፓርቲ ወንበሩን ጠቅልሎ በያዘበት ፓርላማ የእጩው ጉዳይ ቀድሞ በፓርቲው ውስጥ ያልቃል። ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በሙሉ ድምፅ ሲመረጡ የቀረበ ተፎካካሪ አልነበረም።

ይቆይ የሚሉት ደግሞ ወደ ሥልጣኑ ይጠቁማሉ። ፕሬዚዳንቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ የምክር ቤቶቹን የጋራ ስብሰባ ይከፍታል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀረባቸውን አምባሳደሮች ይሾማል፣ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል። ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ ይፈርማል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም ግን ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል። የሚሊዮኖችን ድምፅ ይዞ የገባ ሰው እንዲህ ባለ ብዕር ረክቶ አይቀመጥም፤ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ሌላም ስጋት አለ። በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው። በቀጥታ ምርጫ ግን ቁጥር ይፈርዳል፤ አነስተኛ ሕዝብ ያላቸው ድምፃቸው ይዋጣል።

የሌሎች አገሮች ልምድ አንድ ወጥ አይደለም። ጀርመንና ሕንድ በተዘዋዋሪ ይመርጣሉ። አየርላንድ በቀጥታ እየመረጠችም ፕሬዚዳንቷ ውስን ሥልጣን ይዞ ኖሯል። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2007 በሕዝበ ውሳኔ ምርጫውን ከፓርላማ ወደ ሕዝብ አዛወረች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በሌላ ሕዝበ ውሳኔ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ሥልጣን ራሱ እንዲቀር ተወሰነ።

በእኛ አገር ለውጡ ሕገ መንግሥት ማሻሻልን ይጠይቃል፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ እንዲሁም የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው ይሁንታ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ዳገት ከመውጣት በፊት ፕሬዚዳንቱ ምን ይሥራ የሚለው መልስ ማግኘት አለበት። ሥልጣኑ እንዳለ ይቀጥላል ከተባለ መጠገን ያለበት የእጩ አመራረጡ ነው። እጩው ቀደም ብሎ ይታወቅ፣ በምክር ቤቱ ፊት በቀጥታ ሥርጭት ይጠየቅ፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበት። ለዚህ የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ የሚበቃ ይመስለኛል።