ትንሿ ወይራና ትልቋ ወይራ

በላስታ ተራሮች የሄደ ሰው ሁለት ዓይነት ወይራ ያያል። አንደኛዋ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ቆማለች። ግንዷ ወፍራም ነው፤ ጥላዋም ለብዙ ሰው ይበቃል። ሁለተኛዋ ከመንገድ ዳር፣ በግጦሽ መሬት ላይ ናት። ቁመቷ ከጉልበት አያልፍም። ቅጠሏ ደቃቅ ነው። ቅርንጫፎቿ ተጠላልፈው፣ ከሩቅ ሲያይዋት የድንጋይ ክምር ትመስላለች።

አንድ ቀን ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቁልቁለት ስንወርድ እንዲህ ካለች ቁጥቋጦ አጠገብ አረፍን። እኔም፣ «ይህች ወይራ ገና ልጅ ናት» አልኩ። ሽማግሌው ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ ፍየል ጠባቂ ሳለሁ እዚሁ ነበረች። ያኔም ቁመቷ ይኸው ነበር» አሉኝ።

ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ግንዷን አሳዩኝ። እውነትም ከመሬቱ ጋር ስትገናኝ እንደ ሰው ክንድ ወፍራለች።

«አንተ የተማርክ ነህና እስቲ ንገረኝ። ዕድሜዋ ይኸው አለ፤ ቁመቷ ታዲያ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ።

ያን ዕለት ደህና መልስ አልነበረኝም። ኋላ ግን ነገሩን አጠናሁት። መልሱ ለአንዲት ቁጥቋጦ ብቻ የሚሆን አይደለም። በየክረምቱ ተተክሎ ለሚደርቀው ችግኝ ሁሉ የሚሆን ነው። ስለዚህ ጻፍኩት።

ዛፍን ትንሽ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ዛፍ የሚኖረው በሥርና በቅጠል ነው። ሥር ከአፈር ውስጥ ውኃና ማዳበሪያ ይስባል። ቅጠል ደግሞ በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ ከውኃና ከአየር ምግብ ይሠራል። ሥር ቅጠልን ያጠጣል፤ ቅጠል ሥርን ይመግባል። ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው። አንዱ ወደ ኋላ ከቀረ ሌላው ብቻውን አይሄድም። ይህ ከገባን የዛፍ ማነስ ምክንያት ይገባናል። ምክንያቶቹም በተለይ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የእንስሳ አፍ ነው። ዛፍ ወደ ላይ የሚረዝመው በቀንበጡ ጫፍ ነው። ፍየል ደግሞ የምትወደው ይህንኑ ለጋ ጫፍ ነው። ጫፉ ሲበላ ዛፉ ከጎን ያቆጠቁጣል። ያም ይበላል። ዛፉ አይሞትም፤ ግን አይረዝምም። ግንዱ ቀስ እያለ ይወፍራል እንጂ ከፍየል አፍ አያመልጥም።

ሁለተኛው የሥር መጥበብ ነው። ሥር መሄጃ ካጣ ቅጠል አይበዛም። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለን ዛፍ ብታዩ ይህን ትረዳላችሁ። ዕድሜው ብዙ፣ ቁመቱ ግን ትንሽ ነው።

ሦስተኛው ብርድና ነፋስ ነው። ይህን ለማየት ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ መውጣት ነው። ተራራው ከ4200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አስታ ከታች በኩል ዛፍ ሆኖ ይቆማል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እያጠረ እያጠረ ሄዶ ቁጥቋጦ ይሆናል። ዘሩ አንድ ነው፤ ቦታው ግን አሳጠረው።

እንግዲህ ዘሩ አንድ የሆነ ዛፍ እንደ አኗኗሩ ትልቅም ትንሽም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዛፍን ሆን ብለው የሚያሳንሱ ሰዎች

በሩቅ ምሥራቅ፣ በጃፓን አገር፣ ዛፍን በሸክላ ውስጥ ተክለው በትንሽነቱ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ሙያው መጀመሪያ የመጣው ከቻይና ነው። ጃፓኖች ቦንሳይ ይሉታል። በዝርግ ዕቃ የተተከለ ማለት ነው። ዛፉ የተለየ ዘር አይደለም። ሜዳ ላይ ቢተከል ትልቅ ዛፍ የሚሆነው ያው ዛፍ ነው። በሸክላ ውስጥ ሲሆን ግን ቁመቱ ክንድ ቢሆን ነው። ግንዱ ያረጃል፤ ቅርንጫፉ ይዘረጋል፤ የሚያፈራውም ያፈራል።

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን እንዲህ ያለ አንድ ዛፍ አለ። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ የጃፓን ዛፍ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1625 ጀምሮ በሸክላ ውስጥ ሲያዝ ኖሯል። ወደ 400 ዓመት ሆነው ማለት ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. በሂሮሺማ ከተማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲጣል ይህ ዛፍ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በግንብ አጥር ተከልሎ ነበር። ተረፈ። በ1968 ዓ.ም. ጃፓን ለአሜሪካ በስጦታ ሰጠችው። ያጠጡትና የገረዙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሞተዋል። አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ተንከባክቦት እስካሁን አለ።

የእኛው ወይራም በዚህ ሙያ ይታወቃል። በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የዱር ወይራ ከእኛው ጋር አንድ ዘር ነው። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች በሸክላ ለማሳደግ ከሚመርጧቸው ዛፎች አንዱ እሱ ነው። ጠንካራ ነው። ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል። ቅጠሉም ደቃቅ ነው።

ለጀማሪ፦ ወይራን በሸክላ ማሳደግ

«ድግር የማይሆን፣ ጥላ የማይሰጥ ዛፍ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ዛፍ በደጃፍ ላይ በዕቃ ያሳደገ ሰው የሥርን ጠባይ በዓይኑ ያያል። ልጆችም ይማሩበታል። ወጪውም ብዙ አይደለም።

1ኛ. ችግኝ ማግኘት። ከችግኝ ጣቢያ አንድ የወይራ ችግኝ ይበቃል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ከተከለለ ተራራ መንቀል አይገባም። ከፍሬ ለማብቀልም ይቻላል። የወይራ ፍሬ ውስጡ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። ሥጋውን አጥቦ፣ ጠንካራውን ቅርፊት በጥንቃቄ ሰንጠቅ አድርጎ መዝራት ቶሎ እንዲበቅል ይረዳዋል።

2ኛ. ዕቃ። የተሰነጠቀ ድስት ወይም አሮጌ ጣሳ ይሆናል። ዋናው ነገር ከታች ቀዳዳ መኖሩ ነው። ቀዳዳ ከሌለው ውኃ ይተኛበትና ሥሩ ይበሰብሳል። በቀዳዳው ላይ ገል ወይም ጠጠር ይደረግበት፤ አፈሩ አይፈስም።

3ኛ. አፈር። የደን አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀላል። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። መረሬ ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ውኃ ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

4ኛ. ሥር መቁረጥ። ይህ የሚደረገው በዝናብ መግቢያ፣ በሰኔ ገደማ ነው። ችግኙ ከላስቲኩ ይወጣል። የተጠማዘዘው ሥር በጣት ይፈታል። ረጅሙ ሥር በሰላ መቀስ ይቆረጣል። ከጠቅላላው ሥር ከሦስት አንዱ በላይ አይቆረጥም። ቀጫጭኑ ሥር እንዲቀር ያስፈልጋል፤ ውኃ የሚጠጣው እሱ ነውና። ሥሩ ሲቀነስ ቅጠሉም በመጠኑ ይቀነሳል። የጥማድ በሬውን ምሳሌ አስታውሱ። ከዚያ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቆያል።

5ኛ. ቦታና ውኃ። ወይራ የቤት ውስጥ ተክል አይደለም። ደጅ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ነው። ውኃ የሚጠጣው በቀጠሮ አይደለም። ጣታችሁን በአፈሩ ውስጥ እስከ አንድ አንጓ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ዛፉን የሚገድለው ወይ በመርሳት፣ ወይ ውኃ በማብዛት ነው።

6ኛ. ጫፍ መቅጠፍ። አዲሱ ቀንበጥ ስድስት ወይም ስምንት ቅጠል ሲያወጣ ጫፉ ይቀጠፋል። አራት ቅጠል ብቻ ይቀራል። ፍየል የምትሠራውን ሰው በልክ ሠራው ማለት ነው። ልዩነቱ ፍየል ያገኘችውን ስትበላ፣ ሰው ግን ለዛፉ የሚበቃውን ይተዋል።

7ኛ. ማጉበጥ። ለጋ ቅርንጫፍ በሲባጎ ታስሮ ወደ ተፈለገው አቅጣጫ ይሳባል። ከጥቂት ወራት በኋላ ማሰሪያው ሳይፈታ ከቀረ ቅርፊቱን ይበላዋል።

8ኛ. ዳግም መትከል። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ ዛፉ ከዕቃው ይወጣል። ሥሩ ተከርክሞ በአዲስ አፈር ይመለሳል። ይህ ካልተደረገ ሥሩ ዕቃውን ይሞላል፤ ውኃም አይገባለትም።

መቸኮል አይገባም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ይህ የዓመታት ሥራ ነው።

ሳናውቀው የምናሳንሳቸው ችግኞች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በችግኝ ጣቢያ ላስቲክ ውስጥ ያለ ችግኝ ማለት በጠባብ ዕቃ የተተከለ ዛፍ ነው። ከመጠን በላይ ከቆየ ሥሩ መሄጃ ያጣል። በላስቲኩ ውስጥ ይዞራል።

እኔና ጓደኞቼ በአንድ ክረምት ተዳፋት ላይ ችግኝ ስንተክል ቁጥር ለመሙላት እንሯሯጥ ነበር። ላስቲኩን ከነችግኙ የቀበርንም ነበርን። በሚቀጥለው በጋ አብዛኛው ደርቆ አገኘነው። አንዲት እናት አንዱን ደረቅ ችግኝ ነቅለው ሰጡኝ። ሥሩ እንደ መሶብ ቂጥ ተጠምጥሟል። ወደ አፈሩ አንዲት ጣት እንኳ አልሄደም። ዝናቡ ነበር፤ አፈሩም ነበር። ሥሩ ግን እስር ቤት ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። ያን ጉድጓድ የቆፈሩት ገበሬዎች ድካማቸው በከንቱ ቀረ።

ስለዚህ ለተራራ የሚሆነውን ችግኝ ስንተክል የቦንሳዩን ሥራ ገልብጠን እንሠራለን።

ሀ. በጣቢያው ሳለ፣ ከላስቲኩ ሾልኮ መሬት የገባ ሥር በየጊዜው ይቆረጥ። ከመተከሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ጥላውና ውኃው እየተቀነሰ ፀሐይ ይልመድ።

ለ. ጉድጓዱ አንድ ክንድ ያህል ይጥለቅ፤ ይስፋም። የላዩ ለም አፈር ለብቻው ተቀምጦ መጀመሪያ ወደ ሥሩ ይመለስ።

ሐ. ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰው በኋላ ይተከል። ላስቲኩ ተቀዶ ይውጣ። ከታች የተጠመጠመው ሥር በምላጭ ይቆረጥ፤ ጎኑም ከላይ ወደ ታች ሰመር ሰመር ይደረግ። አዲሱ ሥር ወደ ውጭ ይሄዳል።

መ. ከብትና ፍየል አይግቡ። ይህ ከተጓደለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በወሎ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቷል። ችግኝም ተተክሏል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ዛፉ ተቆረጠ፤ የተከለለውም መሬት ለከብት ተለቀቀ። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ተጀምሮ እንደገና ብዙ ችግኝ ተተከለ። የሚቆጠረው ግን የተተከለው ብቻ መሆን የለበትም። በሦስተኛው ዓመት ቆሞ የተገኘው ይቆጠር። ይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ ያሉትን ጥድና ወይራ ተመልከቱ። አፈሩና ዝናቡ የላስታ ነው። የተለየው ጠባቂ ማግኘታቸው ነው።

የሽማግሌው ጥያቄ

ከዚያ አገር ከመነሣቴ በፊት መልሱን ይዤ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። «አባቴ፣ የወይራዋን ቁመት የበሉት ፍየሎቹ ናቸው። ሥሯ ግን ደህና ነው። ሥሩ ያረጀ ቁጥቋጦ ከተከለለ ከአዲስ ችግኝ ፈጥኖ ያድጋል» አልኳቸው።

«እንዴት አድርገን?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከቀንበጦቹ መካከል ቀጥ ያለውና ጠንካራው አንድ ወይም ሁለት ይመረጣል። ሌላው ከሥሩ ይቆረጣል። ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል። ጫፉ ከፍየል አፍ በላይ እስኪያልፍ ድረስ አጥሩ ይታደሳል።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። «እኔው ነኛ ያበላሁት» አሉ። ከዚያ ማጭዳቸውን ይዘው ቀጋ ሊቆርጡ ተነሡ። እኔም ተከተልኳቸው። እስኪመሽ አጥረን ጨረስን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሥርና ቅጠል በምን ይረዳዳሉ?
2. በፍየል የታጨደች ወይራና በሸክላ ያደገች ወይራ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. ችግኝ ከነላስቲኩ ቢቀበር ምን ይሆናል?
4. በአካባቢያችሁ ስንት የወይራ ቁጥቋጦ አለ? ፍየል እንዳይደርስበት ማን፣ እንዴት ሊከልለው ይችላል? የተከለለው መሬት ሣርስ ለማን ይታጨድ?