ቁመት ቢጎድል ፍጥነት ይሞላል

በድሬዳዋ ትምህርት ቤቶችም ሆነ መሥሪያ ቤቶች የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሲመረጥ ብዙ ወጣቶች «እኔ አጭር ነኝ» እያሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ይታያሉ። ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ የተሰቀለ ስለ ሆነ፣ ረጅም ሰው መጠቀሙ አይካድም። ነገር ግን ሜዳው 28 ሜትር ርዝመት እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ረጅሙ ሰው የሚያስፈራው ቀለበቱ ሥር ደርሶ ሲቆም ነው፤ ከዚያ ሳይደርስ ከቀደማችሁት ቁመቱ ብዙ አይጠቅመውም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቀው በቆላው በኩል አለፈ፤ በዚሁም ምክንያት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1902 ከተማችን ድሬዳዋ ተቆረቆረች።

በስፖርትም እንዲህ ያደረጉ አሉ። በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ የጃፓን ሴቶች ቡድን ከእርሱ የሚረዝመውን የፈረንሳይ ቡድን 87 ለ71 አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። በዚያ ጨዋታ ሩይ ማቺዳ የተባለችው፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ62 ብቻ የሆነ ተጫዋች፣ 18 ጊዜ ለጓደኞቿ ጎል የሆነ ኳስ አቀበለች፤ ይህም የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሆነ። በፍጻሜው በአሜሪካ 90 ለ75 ቢሸነፉም የብር ሜዳልያ ይዘው ተመለሱ።

ታዲያ እኛስ እንዴት እናድርግ? መጀመሪያ፣ ኳስ ከሰሌዳው ሲመለስ ከረጅሙ ጋር በመዝለል አትወዳደሩ፤ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ከቀለበቱ አርቁት። ሁለተኛ፣ ኳሱ እንደ ተያዘ ወዲያው ወደ ጎን ይቀበል፤ ሁለት ሰዎችም በሁለቱ ጠርዝ ይሩጡ። እያነጠረ ከሚሮጥ ሰው ይልቅ የተወረወረ ኳስ ይፈጥናልና። ሦስተኛ፣ ባላጋራችሁን ከራሱ ሜዳ ጀምሮ ተጫኑት። ኳሱን በ8 ሴኮንድ ውስጥ ከግማሽ ሜዳ ማሳለፍ ግዴታው ነው፤ ረጅም ሰው የሚያነጥረው ኳስም ከፍ ብሎ ስለሚነጥር ለአጭር እጅ የተመቸ ነው። አራተኛ፣ ከ6 ሜትር ከ75 ርቀት ውጭ መወርወርን ተለማመዱ፤ ከዚያ የገባ ኳስ 3 ነጥብ ያስገኛል።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚል ተቃዋሚ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ፍጥነትና ችኮላ አንድ አይደሉም፤ ባቡር የሚፈጥነው ሐዲዱ አስቀድሞ ስለ ተዘረጋለት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የሚሮጥበትን መንገድ አስቀድሞ ይወቅ።

የድሬዳዋ ሙቀትም ራሱን የቻለ ባላጋራ ነው። ልምምዱ በማለዳ ይሁን፤ ውኃም አይጉደል። የጨዋታው ሕግ ተጫዋች መለወጥን በቁጥር አይወስንም፤ ስለዚህ አምስቱ ሳይዝሉ ሌሎች ይተኳቸው። በዚህ ዓይነት ከወንበር ተነሥቶ ለ3 ደቂቃ በሙሉ ኃይሉ የሚሮጠው አጭር ልጅ ለቡድኑ የግድ አስፈላጊ ይሆናል።

እንግዲህ በሚመጣው ምርጫ «አጭር ነኝ» ብላችሁ አትቅሩ። አሠልጣኙም ተማሪውን ከግድግዳ አስደግፎ ከመለካቱ በፊት፣ አንድ ጊዜ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ያስሩጠው።