ፎቅ ላይ የማይወጣው ዋይፋይ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ስለ ዋይፋይ የሚያነሳው ቅሬታ ከጎረቤቱ አይለይም። ሳሎን ላይ ቪዲዮው ሳይቆራረጥ ይሄዳል፤ ፎቅ ላይ ወዳለው መኝታ ክፍል ሲወጡ ግን መሽከርከር ይጀምራል። ኢንተርኔቱ ላይ ማማረር ይቀላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቤቱ ነው። ራውተሩ የሚቀመጠው ባለሙያው የፋይበሩን ገመድ ባስገባበት፣ በአብዛኛው በበር ጥግ ነው። ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣው ሞገድ ፌሮ የታሰረበትን ሶሌታ ሰንጥቆ ማለፍ ይኖርበታል። ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይህን ሲያደርግ ይደክማል፤ ዘገምተኛው 2.4 ይሻላል፣ ግን እሱን ጎረቤት ሁሉ ስለሚሻማበት ይጨናነቃል።

ለዚህ የተለመደው መድኃኒት ሪፒተር ነበር። ሶኬት ላይ ይሰካል፣ የሰማውን ይደግማል። ብዙዎቹ የራሳቸውን ስም ይዘው ስለሚመጡ ግን ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ይቋረጣል። ሜሽ የሚባለው ይህን ችግር የሚያቃልል ዘዴ ነው። ሁለት ሦስት ሳጥኖች በአንድ ስምና በአንድ ፓስዎርድ ይሠራሉ፤ አንዱ ከራውተሩ ጋር በገመድ ይያያዛል፣ ሌሎቹ እርስ በርስ እየተነጋገሩ መረጃው በየት በኩል ቢሄድ እንደሚሻል ይመርጣሉ። አንዱ ቢጠፋ ሌላ መንገድ ካለ በዚያ ይዞራሉ።

ሐሳቡ የተፈተነው ጣሪያ ላይ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ የኬምብሪጅ ከተማ ሰገነቶች ላይ አንቴና እየተከሉ ሩፍኔት የተባለውን መረብ ዘረጉ። ከፕሮጀክቱ ተማሪዎች መካከል የነበሩት ሳንጂት ቢስዋስና ጆን ቢኬት በ2006 ሜራኪን መሠረቱ፤ ሲስኮ ኩባንያውን በ2012 በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በእነዚያው ዓመታት ለሕፃናት የተሠራው አረንጓዴና ነጩ ኤክስኦ ላፕቶፕም የጥንቸል ጆሮ የሚመስሉ ሁለት አንቴናዎቹን ዘርግቶ የጓደኛውን መልእክት እንዲያቀብል ተደርጎ ነበር የተነደፈው። ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም ገብቷል። እንግዲህ ሜሽን ከብዙ ባለሀብት ቀድመው የነኩት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ናቸው ማለት ነው። ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ዘግይቶ ነው፤ ኢሮ የተባለው ድርጅት በ2016 ሳጥኖቹን ሦስት ሦስት አድርጎ መሸጥ ሲጀምር ሌሎቹም ተከተሉት።

አሁን ወደ ቤታችን። ሁለተኛው ሳጥን የት ይቀመጥ? አብዛኛው ሰው ኔትወርክ በጠፋበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል። እዚያ ግን ሳጥኑ ራሱ የሚቀበለው ነገር የለም፤ ያልደረሰውን ደግሞ ማካፈል አይችልም። ቦታው መሃል መንገድ ላይ፣ ሲግናሉ ገና ጥሩ በሆነበት ነው። ባለ ፎቅ ቤት ላይ እኔ የምመርጠው የደረጃውን አናት ነው፤ ሶሌታው የተከፈተበት ስፍራ እሱ ብቻ ነውና ሞገዱ እንደ ሰዉ በዚያው ይወጣል። ከትልቅ መስታወት፣ ከብረት ቁም ሳጥንና ውኃ ከሞላው ሮቶ ይራቅ። ውኃ ሞገድ ይውጣል፣ ብረት ደግሞ ይመልሳል።

ሻጮች የማይነግሩት አንድ ነገር አለ። ርካሹ ሳጥን በአንድ ሬዲዮ ከአንደኛው ይቀበልና በዚያው ሬዲዮ ለስልክዎ ያስተላልፋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ስለማይችል ፍጥነቱ በየዝላዩ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ውዶቹ ሳጥኖች ለእርስ በርስ ንግግራቸው ብቻ ሦስተኛ ሬዲዮ አላቸው። ታዲያ ውዶቹን መግዛት ያስፈልጋል? የሚከፍሉበት ጥቅል 10 ሜጋ ቢት ከሆነ አያስፈልግም። በሳጥኖቹ መካከል 200 ሜጋ ቢት ቢያልፍና 100 ላይ ቢወርድ እንኳ የእርስዎ 10 ሳይነካ ይደርሳል። ባለ ሦስት ሬዲዮው ዋጋ የሚያወጣው ጥቅሉ ከፍ ያለ ሲሆን ነው።

አጫጫኑ በስልክ መተግበሪያ የሚያልቅ ነገር ነው። ሁለት ነገር ግን አይረሳ፦ የድሮው ራውተር ዋይፋይ ይጥፋ፣ አዲሱም ራውተርነቱን ትቶ አክሰስ ፖይንት ብቻ እንዲሆን ይስተካከል። አለበለዚያ ሁለት አዛዥ ይኖርና ፕሪንተሩ ሲፈለግ ይጠፋል። ፎቅ ከወጡ በኋላም ስልኩ የታችኛውን ሳጥን ሙጭጭ ብሎ ሊይዝ ይችላል፤ መቼ እንደሚቀይር የሚወስነው ስልኩ ነውና ሳጥኖቹ ከመጠቆም አያልፉም። የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ ማብራት ነው መፍትሔው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የታችኛውን ብቻ ዩፒኤስ ላይ የሰካ ሰው ፎቅ ላይ ኢንተርኔት አያገኝም። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ይፈልጋል፤ ከመግዛት በፊት ስንት ቮልት እንደሚወስድ ቻርጀሩ ላይ ማንበብ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳጥኖቹን በገመድ ማገናኘት ነው። አንድ የካት 6 ገመድ እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ ከሳሎን ተነስቶ ጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት ለመድረስ ይበቃል፤ የፍጥነቱም ግማሽ አይጠፋም። ቤት እያሠራ ያለ ሰው ግድግዳው ሳይለሰን በየፎቁ አንድ ባዶ ቱቦ ቢያስቀብር ወጪው ጥቂት ነው። በኋላ ብሎኬት አስፈልፍሎ፣ አስለስኖ፣ ቀለም አስቀብቶ ከሚከፍለው ጋር አይወዳደርም።