ነፍሰ ጡር ሕመሟን አትደብቅ

በእርግዝና ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ማቅለሽለሹ የሚቀልበት፤ ነገር ግን የወገብ ሕመም፤ የባት መኮማተርና ቃር የሚጀምሩበት ነው። በአገራችን ብዙ እናቶች ይህን በዝምታ መሸከም ጨዋነት ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን ዝምታ ተራውን ሕመም ከአደገኛው ለይቶ ለማወቅ አያስችልም።

ነፍሰ ጡሮች ቡና ላይ ተሰብስበው አንዲቱ «ልጁ በአምስተኛው ወር ተንቀሳቀሰልኝ»፤ ሌላይቱም «በግራ ጎኔ ብተኛ ቀለለኝ» ቢባባሉ ከንቱ ፍርሃት ይርቃል። ብርቱ ራስ ምታት፤ የዓይን ብዥታ፤ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም ደም የታየባት ግን የባልንጀራ ምክር ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ትሂድ።

የመዘጋጃውም ጊዜ ይኸው ነው። የገንፎው ዱቄትና የሕፃኑ ልብስ ብቻ ሳይሆን የመጓጓዣው ገንዘብና ደም የሚሰጥ ዘመድ አስቀድሞ ይታሰብ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ከጤና ባለሙያ ጋራ ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትገናኝ፤ በየቀኑም ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ መክሯል።

እንግዲህ ባል የሆነ ሁሉ ሚስቱ የምትነግረውን ሕመም «የሴት ወግ ነው» ብሎ አይለፈው።