ማይክሮፕላስቲክ፣ የጣና ዓሣ እና የቤተሰብዎ ጤና

በቆላ ድባ፣ በጎርጎራ፣ በባሕር ዳር ወይም በሌላ የጣና አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ የሐይቁ ውሃና ዓሣ ከኑሮዎ ጋር የተያያዙ ናቸው። "ዓሣ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኘ" የሚል ወሬ ሲሰሙ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም የታመመ ሰው ቤትዎ ካለ መጨነቅዎ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ ማይክሮፕላስቲክ ምን እንደሆነ፣ በውሃ ውስጥ ፍጥረታት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ለሰው ምን ያህል እንደሚያሰጋ እና እርስዎ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያስረዳል።

በአጭሩ፦ ዓሣ መብላትዎን አያቁሙ፤ ሆድ ዕቃውን በደንብ አውጥተው፣ አብስለው ይመገቡ። ከሐይቅና ከወንዝ በሚቀዳ ውሃ ውስጥ ዛሬም ትልቁ አደጋ ጀርም ነው። ፕላስቲክን ደግሞ ወደ ውሃ አይጣሉ፣ አያቃጥሉም።

ማይክሮፕላስቲክ ምንድን ነው?

ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። አንዳንዱ የምስር ፍሬ ያህላል፤ አብዛኛው ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ቃሉ በሳይንስ ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዛዊው የባሕር ሳይንቲስት ሪቻርድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ነው።

ፕላስቲክ እንደ እንጨት ወይም እንደ ቅጠል በስብሶ አፈር አይሆንም። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ማዕበልና ድንጋይ ይፈጩታል፤ እየተሰባበረ ይደቃል እንጂ አይጠፋም። ሜዳ ላይ የተጣለ አንድ ፌስታል ከጊዜ በኋላ ቁጥር ስፍር የሌለው ብናኝ ይሆናል።

ወደ ጣና እንዴት ይገባል?

ጣና ስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ በአማካይ 8 ሜትር ያህል፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ ደግሞ 14 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ወንዞች ይገቡበታል፤ በተፈጥሮ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው። ስለዚህ በጎርፍ የገባ ቆሻሻ ብዙው እዚያው ይቀራል። ንፋስ ውሃውን ሲያናውጠው ከሥር የተቀመጠው ደለል፣ አብሮትም ፕላስቲኩ፣ እንደገና ይነሳል።

ዋና ዋና ምንጮቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• የከተማ ቆሻሻ፦ የውሃና የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የብስኩትና የከረሜላ መጠቅለያ በክረምት ጎርፍ ይታጠባሉ። መገጭ ወንዝ ከጎንደር አካባቢ ተነስቶ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ጎንደር ላይ ቦይ ውስጥ የተጣለ ጠርሙስ መድረሻው ሐይቁ ሊሆን ይችላል።
• የዓሣ መረብ፦ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ በጣና ላይ የናይለን መረብ ተስፋፍቷል። የተበጣጠሰና ውሃ ውስጥ የተረሳ መረብ ዓሣ መያዙን አያቆምም፤ ሲያረጅም ወደ ክር ብናኝ ይለወጣል።
• የልብስ እጥበት፦ ፖሊስተርና መሰል ልብሶች ሲታጠቡ ዓይን የማያያቸው ክሮች ይረግፋሉ። በወንዝ ዳር ሲታጠቡ ክሮቹ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይገባሉ።
• የእርሻ ፕላስቲክ፦ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የፀረ ተባይ ዕቃ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን።
• የተሽከርካሪ ጎማ፦ አስፋልት ላይ እየተፋቀ የሚቀረው ብናኝ በዝናብ ይታጠባል።

በዓሣና በሌሎች የውሃ ፍጥረታት ላይ ምን ጉዳት ያደርሳል?

ጉዳቱ የሚጀምረው ከትናንሾቹ ነው። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳት ብናኙን ምግብ መስሏቸው ይውጡታል። ሆዳቸው በማይረባ ነገር ስለሚሞላ የሚመገቡት ይቀንሳል፤ እድገታቸውና መራባታቸውም ይዳከማል። እነሱን ትናንሽ ዓሦች፣ ትናንሾቹን ትላልቆች፣ ትላልቆቹን ደግሞ ወፎችና ሰው ይበላሉ።

ዓሣው ራሱ ሲውጠው የሚከተሉት ሊደርሱበት ይችላሉ፦

• የጨጓራና የአንጀት መታወክ፤ ጫፉ ስለታም የሆነ ቁራጭ የአንጀትን ግድግዳ ያቆስላል፣ ክሮችም ተጠላልፈው መተላለፊያውን ሊዘጉ ይችላሉ
• የሐሰት ጥጋብ፤ ዓሣው ሳይመገብ የጠገበ ስለሚመስለው ይከሳል
• በስንጥቡ ላይ ብናኝ ስለሚያርፍ የመተንፈስ ችግር
• የኬሚካል ጉዳት፤ ፕላስቲክ ሲመረት የሚጨመሩበት ነገሮች አሉ፤ በተጨማሪም በውሃው ውስጥ ያለ ፀረ ተባይ በላዩ ላይ ይጣበቃል

በአገራችን የተሠራ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ በዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ላይ የተደረገ ምርመራ ከታዩት ዓሦች 35 በመቶ ያህሉ ሆዳቸው ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት ተገኝቷል። ከሐይቁ ወለል አካባቢ የሚመገቡት፣ ለምሳሌ አምባዛና ካርፕ፣ ከቆሮሶ ይልቅ ብዙ ቅንጣት ነበረባቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፕላስቲኩ ከደለሉ ጋር ወለል ላይ ይተኛል። በታንዛኒያ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በሙዋንዛ ገበያ ከተገዙት ናይል ፐርችና ቆሮሶም ከእያንዳንዳቸው ከአምስቱ በአንዱ ፕላስቲክ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘግቧል። አምባዛና ቆሮሶ በጣናም በብዛት የሚጠመዱ ናቸው።

ለጣና ልዩ ስጋት የሚሆን ሌላ ነገር አለ። በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ ነጭ ዓሣ የሚባሉት የሐይቁ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዝ ወጥተው ዕንቁላል ይጥላሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና የደምቢያው ድርማ ከመራቢያ ወንዞቹ መካከል ናቸው። የክረምቱ ጎርፍ ፕላስቲኩን ጠርጎ የሚያመጣውም በዚሁ ወቅትና በነዚሁ ወንዞች ነው። ስለዚህ ዕንቁላሉና ጫጩቱ ከቆሻሻው ጋር ይገናኛሉ። እምቦጭ፣ ደለልና ከልክ ያለፈ ማጥመድ ያዳከሙት የዓሣ ሀብት ላይ ይህ ሲጨመር የቤተሰብ ገቢና ገበታ ይጎዳል።

ለሰው ጤና ምን ያህል ያሰጋል?

በዚህ ላይ ምርምሩ ገና በመካሄድ ላይ ነው። እስካሁን የታወቀው ይህ ነው፦

ወደ ሰውነታችን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 በኔዘርላንድስ ደማቸው ከተመረመረ 22 ሰዎች በ17ቱ ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት ተገኝቷል።

ሁሉም ግን አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከ0.15 ሚሊ ሜትር የሚበልጡት ቅንጣቶች በሰው አንጀት በኩል ወደ ደም የመግባት ዕድላቸው አነስተኛ እንደሆነና በሰገራ እንደሚወጡ ገልጿል። በጣም የደቀቁት ግን ሊያልፉ ይችላሉ። ድርጅቱ በነበረው ውስን መረጃ በመጠጥ ውሃ ያለው መጠን ለጤና ጉዳት ማድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳላገኘ፣ ይሁን እንጂ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልግ አሳስቧል።

ከልብና ከደም ሥር በሽታ ጋር ሊያያዝ ይችላል። በጣሊያን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ጥናት የአንገታቸው የደም ቧንቧ በስብ ክምችት ጠብቦ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 257 ታካሚዎች ክትትል ተደርጎላቸዋል። ከወጣው የስብ ክምችት በ150ዎቹ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ወደ ሦስት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ እነዚህ ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በስትሮክ ወይም በሞት የመጎዳት ዕድላቸው ካልተገኘባቸው 4.5 እጥፍ ያህል ነበር። ይህ ዝምድናን እንጂ ፕላስቲኩ መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ ዋናው መከላከያ መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ መውሰድ፣ ሲጋራ አለማጨስና ክትትልዎን አለማቆም ነው።

ታዲያ ዓሣ መብላት ልተው?

አይተዉ። ዓሣ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት እድገት የሚጠቅም ስብም አለው። በዓሣ ውስጥ የሚገኘው ፕላስቲክ አብዛኛው ያለው በጨጓራና በአንጀት ነው፤ እኛ የምንበላው ደግሞ ሥጋውን ነው። ስለዚህ፦

• ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን ሙሉ በሙሉ ያውጡ፣ በንጹሕ ውሃ ይጠቡ
• ቋንጣ የሚያደርጉ ከሆነ ከማድረቅዎ በፊት ያጽዱ
• ያወጡትን ሆድ ዕቃ መልሰው ሐይቅ ውስጥ አይጣሉ፤ ይቅበሩት
• ዓሣን ጥሬውን አይብሉ፤ ጥሬ ዓሣ ጥገኛ ትላትልን ሊያስተላልፍ ይችላል

ስለ መጠጥ ውሃስ?

የሐይቅ ወይም የወንዝ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ በቅድሚያ ጀርሙን ይግደሉ፤ ውሃውን አጣርተው ያፍሉ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ያክሙ። ተቅማጥ ሕፃንን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ማይክሮፕላስቲክ እንዲህ አያደርግም።

ማፍላት ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 የቻይና ተመራማሪዎች ኖራ የበዛበትን ውሃ አፍልቶ ማጣራት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን የፕላስቲክ ብናኝ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በማንቆርቆሪያ ሥር የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ብናኙን ይዞ ይቀመጣል። ኖራው አነስተኛ በሆነ ውሃ ውጤቱ ያንሳል። የፈላው ውሃ ሲቀዘቅዝ ሳይነቀነቅ ከላይ ቀድተው በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ያጥሉ።

የታሸገ ውሃ መግዛት መፍትሔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት በአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ በአማካይ 240,000 ያህል እጅግ የደቀቁ ቅንጣቶችን ቆጥሯል።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ትኩስ ወጥ፣ ሻይ ወይም ቡና በፌስታልና በስስ ፕላስቲክ ኩባያ አይቀበሉ፤ ሙቀት ፕላስቲኩን ያራግፋል። ሳህን ወይም ሰርቪስ ይዘው ይሂዱ።
• ትኩስ እንጀራን በፕላስቲክ አይሸፍኑ፤ በጨርቅና በመሶብ ያቆዩ።
• ለሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል። የዱቄት ወተት የግድ ከሆነ በፈላ ውሃ በብረት ወይም በመስታወት ዕቃ በጥብጠው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ጡጦ ይገልብጡ።
• ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል አይጠቀሙ። ጭሱ መርዛማ ነው፤ አስም ላለባቸውና ለሕፃናት በተለይ ይከፋል።
• ለገበያ ዘንቢል ይያዙ። ስስ ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል።
• ያረጀ መረብ ወደ ባሕሩ አይወርውሩ፤ ለሌላ አገልግሎት ያውሉት ወይም ቆሻሻ ለሚሰበስቡ ያስረክቡ።
• ክረምት ከመግባቱ በፊት ከጎረቤት ጋር ሆነው የሰፈሩን ቦይ ያጽዱ። ከሰኔ በፊት የተለቀመ ጠርሙስ ሐይቅ አይደርስም።

ሐኪም ማየት ያለብዎት መቼ ነው?

ማይክሮፕላስቲክ የራሱ የሆነ የታወቀ የሕመም ምልክት የለውም። በጤና ጣቢያ የሚደረግ ምርመራም ሆነ ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት የለም። "ፕላስቲክ ያጸዳል" ተብሎ ለሚሸጥ ማንኛውም ነገር ገንዘብዎን አያውጡ።

የሚከተሉት ሲታዩ ግን ምክንያቱ ጀርም፣ ወባ ወይም ቢልሃርዝያ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

• ደም የቀላቀለ ወይም የማያቋርጥ ተቅማጥ
• የሕፃን ዓይን መጎድጎድ፣ ሽንት መቀነስ ወይም መድከም
• ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት
• በሐይቅ ወይም በወንዝ ከዋኙ ወይም ካጠቡ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚመጣ የቆዳ ማሳከክ፣ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም

ሲሄዱ የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚቀዳና እንዴት እንደሚያክሙት ለባለሙያው ይንገሩ፤ ለምርመራው ይረዳል።