ያውቁ ኖሯል? የሬጌ ሥር ከድሬ ዳዋ ደጃፍ!

የድሬ ዳዋ ልጅ ሬጌ ይወዳል። ይህን ያልሰማ የለም! ግን ሬጌም በተራው የድሬን ምድር፣ የድሬን ሐዲድ፣ የድሬን ጎረቤት ሁሉ ታሪኩ ውስጥ እንደያዘ ያውቁ ኖሯል? ሬጌ ሲባል ሰው ሁሉ ሻሸመኔን ይጠራል። ይጥራ፣ ይገባታል! እኛ ግን ዛሬ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ እናዙር።

የሬጌ ነፍስ የሆነው የራስ ተፈሪያን እምነት ስሙን ያገኘው ከራስ ተፈሪ መኮንን ነው። ታዲያ ራስ ተፈሪ የት ተወለዱ? እዚሁ ሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ! ሐምሌ 16 ቀን 1884! ከድሬ እስከ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ኤጀርሳ ጎሮም ከሐረር አይርቅም። ኪንግስተን ያለው የሬጌ አፍቃሪ ዕድሜ ልኩን የሚመኘውን ምድር እርስዎ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረው ከምሳ በፊት ይረግጡታል!

ተፈሪ የሐረር ገዥ ሲሆኑ ዕድሜያቸው ስንት ነበር? ገና ሃያ እንኳ አልሞላቸውም! ዘመኑ 1902 ነው። የሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ዛሬም ቆሟል። ደጃፉ ለማንም ክፍት ነው፤ የሸሪፍ ሙዚየም ሆኗል! ቦብ ማርሊ በየመድረኩ ስማቸውን የጠራቸው ሰው በወጣትነታቸው ያዩበት በነበረው መስኮት እርስዎም አሻግረው ያያሉ።

ድሬ ዳዋ ራሷ የሐዲድ ልጅ መሆኗን ያውቃሉ። የመጀመሪያ ስሟ አዲስ ሐረር እንደነበረስ? ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት እግሩ ሥር ቀረ፤ በ1895 ከተማዋ ተቆረቆረች! ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ ዓመታት ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ከባሕር የመጣ እንግዳ ሁሉ ከባቡር የሚወርደው ድሬ ነበር!

ይህ ሐዲድ ለሬጌ ምን አደረገ? ብዙ! ጥቅምት 23 ቀን 1923 ራስ ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ለንግሥ በዓሉ የተጋበዙት የአውሮፓ መሳፍንትና ጋዜጠኞች ከጅቡቲ ተነስተው በድሬ ዳዋ በኩል በባቡር አዲስ አበባ ገቡ። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የበዓሉን ባለ ቀለም ፎቶዎች አወጣ። መጽሔቱ ጃማይካ ደረሰ! እዚያ ለናርድ ሃወል የተባለ ሰባኪ በ1925 የንጉሠ ነገሥቱን ፎቶ በአንድ ሽልንግ ይሸጥ ጀመር። የራስ ተፈሪያን እንቅስቃሴ ከመጀመሪያዎቹ ሰባኪዎች አንዱ እሱ ነው! በዚያች ሰዓት ሬጌ የሚባል ሙዚቃ ገና ከሠላሳ ዓመት በላይ ይቀረዋል!

ያው ባቡር ኀዘንም ጭኗል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ሌሊት ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲሰደዱ በዚሁ መስመር፣ በድሬ ዳዋ በኩል ነው ያለፉት! ጅቡቲ ላይ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ጠበቃቸው። የከዚራ ጥላ ሥር ቆመው የድሮውን ለገሀር ሲያዩ ይህን ያስታውሱ።

ሚያዝያ 13 ቀን 1958! ኪንግስተን! ንጉሠ ነገሥቱን የያዘው አውሮፕላን ሲያርፍ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ሜዳውን ሞላው። ንጉሠ ነገሥቱ በሩ ላይ ብቅ አሉና ያን ሁሉ ሕዝብ አይተው ተመልሰው ገቡ! የራስ ተፈሪያኑ መሪ ሞርቲመር ፕላኖ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን ካረጋጋ በኋላ ነው የወረዱት። ጃማይካ ውስጥ ቀኑ ዛሬም ይከበራል!

በዚያ ሕዝብ መካከል አንዲት ወጣት ነበረች። ሪታ ማርሊ! ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ሲያውለበልቡ መዳፋቸው ላይ የሚስማር ምልክት አየሁ ብላ ተናግራለች። ባሏ ቦብስ? ቦብ አልነበረም! አሜሪካ፣ ደላዌር፣ እናቱ ዘንድ ሄዶ ነበር። ቀኑ አመለጠው!

አሁን ደግሞ የኔን ተወዳጅ ይስሙ። መስከረም 23 ቀን 1956 ንጉሠ ነገሥቱ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ንግግር አደረጉ። በአማርኛ! ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የዚያ ንግግር ቃል ትርጉም ዜማ ለብሶ የቦብ ማርሊ «ዋር» ሆነ! የዘፈኑ ደራሲ ተብለው የተመዘገቡት ከበሮ መቺው ካርልተን ባሬትና አለን «ስኪል» ኮል የሚባል ሰው ናቸው። አለን ኮል ማነው? እግር ኳስ ተጫዋች! ለዚያውም በጃማይካ ታሪክ ስማቸው ከሚነሳ ኳስ ተጫዋቾች አንዱ! እንደገና ይደነቁ፤ ይህ ሰው ኢትዮጵያ መጥቶ የአየር መንገድን ቡድን አሠልጥኗል! በደርግ ዘመን!

ቦብ ራሱ በ1971 ኢትዮጵያ መጣ። ወዳጁ አለን ኮል እዚህ ነበርና! ሻሸመኔን አየ። ግን አንድም መድረክ ላይ አልዘፈነም! ዝነኛው የሬጌ ንጉሥ ሬጌን ከወለደው ምድር መጥቶ ጊታሩን ለሕዝብ ሳያሰማ ተመለሰ! ባዶ እጁን ግን አልሄደም። «ዚምባብዌ» የተሰኘውን ዘፈን ያሰናዳው እዚህ ሳለ ነው ይባላል። ሚያዝያ 1972 ዚምባብዌ ነጻ ስትወጣ ዛሬ ሐራሬ በምትባለው ከተማ ስታዲየም ላይ ዘፈነው!

ጣቱ ላይ የነበረችው ቀለበትስ? በ1969 ለንደን ውስጥ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የሰጡት ናት!

ጥቅምት 25 ቀን 1973 ቦብ ማርሊ ተጠመቀ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን! አጥማቂው አቡነ ይስሐቅ ነበሩ። የክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ! በግንቦት 1973 ሲቀበርም ሥርዓቱ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነበር፤ ኪንግስተን ላይ ግእዝና አማርኛ ተሰማ! ጊታሩ አብሮት ሳጥን ገባ። በዚያው ወር የተወለደች ሴት ልጁ ስም ደግሞ ማን ተባለ? ማክዳ!

የሻሸመኔውን ነገር ባጭሩ ልንገርዎ። መሬቱ አምስት ጋሻ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ ጥቁሮች በ1940 የተሰጠ! ኖኤል ዳየር የተባለ ራስ ተፈሪያን ደግሞ ከእንግሊዝ አገር ተነስቶ ሰሃራን አቋርጦ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ መጣ። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት! ደርሶም ሻሸመኔ ኖረ!

«ሳታ ማሳጋና» የሚለውን የአቢሲንያንስ ዘፈን ሰምተውት ይሆናል። በ1961 ሲቀረጽ የስቱዲዮው ባለቤት አይሸጥም ብሎ አስቀመጠው! ዘፋኞቹ ቅጂውን ገዝተው ራሳቸው አወጡት። ዛሬ በራስ ተፈሪያን ጉባኤዎች እንደ መዝሙር ይዘመራል! እነዚያ የኪንግስተን ወጣቶች አማርኛን በጉጉት ያጠኑ ነበር፤ ሌላው ዘፈናቸው «ይመስገን» ይባላል!

የቦብን «ኮንፍሮንቴሽን» አልበም ሽፋን አይተውታል? ቦብ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ ይወጋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው! ሽፋኑን ገልጠው ውስጡን ቢያዩ ምን ያገኛሉ? የዓድዋን ጦርነት!

ወደ ድሬ እንመለስ። እስቲ እጅዎን ጠረጴዛ ላይ ያድርጉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ቀስ ብለው ይቁጠሩ። «ሁለት» እና «አራት» ላይ ብቻ መታ ያድርጉ። ይሄ የሬጌ ጊታር ነው! አሁን ትልቁን ከበሮ በእግርዎ ይጨምሩ፤ «አንድ»ን ባዶ ይተዉና «ሦስት» ላይ ይርገጡ። ዋን ድሮፕ የሚሉት ይሄንኑ ነው! ይህን ምት ይዘው ድሬ ውስጥ አንድ የሶማሌ ሠርግ ይግቡ። ዳንቶ ሲጀመር እግርዎ ሳይጠየቅ ይታዘዛል! ግመል ስትራመድ የምታሳየው ዥዋዥዌ ያለበት ጭፈራ ነው፤ ጭብጨባው ደግሞ የሬጌ ጊታር የሚገባባት ቦታ ላይ ያርፋል። የሶማሌ ሙዚቀኞች ይህን ሲጠየቁ ይስቃሉ፤ ሬጌን ከማንም አልተማርነውም፣ ከዳንቶ ጋር ቤታችን ነበር ይላሉ! ይመኑ አይመኑ፣ ጆሮ ግን አይዋሽም።

ይህ ወሬ አይደለም፤ በሸክላም ታትሟል! የሐዲዱ ሌላ ጫፍ ላይ፣ ጅቡቲ፣ ግሩፕ አርቴዴ የሚባል የመንግሥት ሬዲዮ ባንድ አለ። ቀን ቀን ለቤተ መንግሥት ሥነ ሥርዓት ይጫወታሉ። በ2012 ግን የራሳቸውን አልበም አወጡ፤ ዳንቶና ሬጌ ተቃቅፈው የሚጨፍሩበት! የቀረጹት በሦስት ቀን ነው!

ጃማይካ ነጻ የወጣችበት፣ የሬጌ አባት የሆነው ስካ የተወለደበት ዘመን መቼ ነው? 1954 አካባቢ! በዚያው ጊዜ ድሬ ዳዋ ውስጥ ምን ይሆን ነበር? አፈረን ቀሎ ባንድ ይቋቋም ነበር! አንድ የድሬ ታዳጊም ከዚህ ባንድ ጋር መድረክ ላይ ወጣ። ዓሊ ቢራ! ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ፣ ሶማልኛ፣ ዓረብኛ፤ በሁሉም ዘፈነ! ሁለት ሩቅ ከተሞች፣ አንድ ዘመን፣ ያው የወጣት እሳት!

የኢትዮጵያ ሬጌ ድምፅ ሲባል ማን ይመጣብዎታል? እዮብ መኮንን! የተወለደውስ የት ነው? ጅጅጋ! ምሥራቅ እንደገና! «እንደ ቃል» የሚለው አልበሙ በሬጌ ምት ላይ ሙሉ አማርኛ፣ ሙሉ እርጋታ የነበረበት ሥራ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 2005 ናይሮቢ ውስጥ አረፈ፤ ገና በሠላሳዎቹ! ሞቱ ዛሬም ያንገበግበኛል። ካረፈ በኋላም «እሮጣለሁ» የሚል አልበሙ ወጣ!

ዘፋኙ ኃይሌ ሩትስስ? የጭክጭካን ምት ከሬጌ ጋር አጋባና ልጁን «ቺጌ» ብሎ ጠራው!

ጥር 29 ቀን 1997፣ የቦብ 60ኛ የልደት ቀን፣ መስቀል አደባባይ! ሪታ፣ የቦብ ልጆች፣ አንጀሊክ ኪጆ፣ ዩሱ ንዱር! ከጃማይካ ውጭ እንዲህ ሲከበር የመጀመሪያው ነበር! ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። በዚያው ዓመት ቴዲ አፍሮ «ጃ ያስተሰርያል»ን አወጣ፤ ሬጌ ከየሱቁ፣ ከየታክሲው፣ ከየመስኮቱ ፈሰሰ! ያን ዓመት በዕድሜዎ የደረሱበት ከሆነ ካሴቱን ስንቴ እንዳዞሩት ራስዎ ያውቁታል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ የድሬ ልጅ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም! ከሳቢያን ወደ ቀፊራ ባጃጅ ይያዙ። የቦብ ፎቶ ከመስታወቱ ላይ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ጨርቅ ከጣሪያው ላይ፣ ድምጽ ማጉያው ከመቀመጫዎ ሥር! ሙቀቱ ሠላሳዎቹን ሲረግጥ ከሬጌ ሌላ ምን ሙዚቃ ይስማማል? ለእንደዚህ ዓይነት ከሰዓት ፈጣን ሙዚቃ አይሆንም፤ ይሄ የኔ ፍርድ ነው፣ አልመለስበትም!

   

የዳሚያን ማርሊና የናስን «አዝ ዊ ኤንተር» ሰምተዋል? 2002 ላይ ዓለም የጨፈረበት! መግቢያው ላይ የሚሰማው ምት የማን ነው? የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ»! የቦብ ልጅ የአባቱን መንፈሳዊ አገር ሙዚቃ ይዞ መጣ!

እናም ይሄኛው። ሌላው የቦብ ልጅ ዚጊ ማርሊ «ኮንሸስ ፓርቲ» በሚለው አልበሙ የግራሚ ሽልማት ወሰደ፤ በ1981! በዚያ አልበም ላይ ከኋላው ሆነው የተጫወቱት እነማን ነበሩ? ዳሎል ባንድ፤ ኢትዮጵያውያን! የባንዱ ስም የተወሰደው በዓለም ላይ አማካይ ሙቀቱ እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ከተመዘገበው የአፋር በረሃ ነው። ከባንዱ አባላት አንዱ ዘለቀ ገሠሠ ቺካጎ ውስጥ ዋይልድ ሄር የተባለ የሬጌ ቤት ከፍተው ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተውበታል፤ የጃማይካ ታላላቅ ዘፋኞች በኢትዮጵያዊ ቤት፣ አሜሪካ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘፈኑ! ዛሬ ማታ «ቱሞሮው ፒፕል»ን ይክፈቱና ባሱን ብቻ ይከተሉ፤ የሚሰሙት የአገርዎ ልጅ ጣት ነው!