ጩኸትና ፍርድ፤ ተመልካች ዳኛውን ሲሞግት

(ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ገለጻዬ የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ተመልካች በታላላቅ የስፖርት መድረኮች የዳኛን ውሳኔ ተቃውሞ ሲጮኽ፣ በእውነቱ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ይህን ጩኸት በተመለከተ ሁለት የተለመዱ አስተያየቶች አሉ። አንደኛው «ይህ ሁሉ ሕዝብ ሊሳሳት አይችልም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ደጋፊ በስሜት የሚነዳ ነው፤ ዳኝነት ለባለሙያ ይተው» ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም አስተያየቶች ጩኸቱን እንደ አንድ ወጥ ነገር ስለሚቆጥሩት ከጉዳዩ ሥር አይደርሱም። ጩኸቱ ቢመረመር በውስጡ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ስለ ድርጊቱ ነው፤ ምን ተፈጸመ? ሁለተኛው ስለ ደንቡ ነው፤ ለተፈጸመው ነገር ደንቡ ምን ይላል? ሦስተኛው ስለ ሚዛኑ ነው፤ ከሁለት መልካም ነገሮች የትኛው ይበልጣል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይለያያል። የአንዱን መልስ ለሌላው ጥያቄ መስጠት ቁጣን ያባብሳል እንጂ አያበርድም። ይህን በምሳሌ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምን ተፈጸመ?

ከቀላሉ እንጀምር። በጥቅምት 2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና፣ በወንዶች 3 ሺህ ሜትር መሰናክል የፍጻሜ ውድድር ኬንያዊው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ በ8 ደቂቃ ከ1.35 ሰከንድ፣ የእኛው ለሜቻ ግርማ በ8 ደቂቃ ከ1.36 ሰከንድ ገቡ። ልዩነቱ የአንድ ሰከንድ አንድ መቶኛ ነው። የሰው ዓይን እንዲህ ያለውን ልዩነት ሊለይ አይችልም። ወርቁ ከእጃችን ሲያመልጥ ያዘነ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ኀዘኑ ወደ ክስ የሚያድግበት ቀዳዳ አልነበረም። በመጨረሻው መስመር ላይ የተተከለው ካሜራ መስመሩን ብቻ እየቀረጸ፣ የእያንዳንዱ ሯጭ ደረት መስመሩ ላይ የደረሰበትን ቅጽበት ይመዘግባል። እግር ወይም እጅ ቢቀድም አይቆጠርም፤ የሚታየው ደረት ነው። ጥያቄው «ማን ቀደመ?» የሚል ስለነበር ምስሉ መለሰው። እንግዲህ የድርጊት ጥያቄ የሚዘጋው በማስረጃ ነው።

ደንቡ ምን ይላል?

ድርጊቱ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ሳለ ክርክሩ የማያበቃበት ጊዜ አለ። በመስከረም 2021 በቪየና ማራቶን ደራራ ሁሪሳ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ጫማው ሲለካ ግን የሶሉ ውፍረት 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ደንቡ የሚፈቅደው እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነበር። ውጤቱ ተሰረዘና ከእርሱ በ3 ሰከንድ ዘግይቶ የገባው ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ። ውሳኔው መራራ ነው። ሆኖም ማንም ሰው ማስመሪያ ይዞ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ደንቡ በማስመሪያ የማይለካ ሲሆንስ? እዚህ ላይ በ1992 እና በ1993 በ10 ሺህ ሜትር ሩጫ የተከሰቱ ሦስት ክስተቶችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

ነሐሴ 3 ቀን 1992፣ የባርሴሎና ኦሎምፒክ። ሞሮኳዊው ኻሊድ ስካህና ኬንያዊው ሪቻርድ ቼሊሞ ለወርቁ ሲተናነቁ፣ በእነርሱ የተደረበው ሌላው ሞሮኳዊ ሐሙ ቡታይብ ከመሪዎቹ አልለይ አለ። ተመልካቹ ይህን እንደ ሤራ ቆጥሮ በፉጨትና በጩኸት ተቃወመ። ስካህ ቀድሞ ገባ፤ ከዚያም ውጤቱ ተሰረዘበት፤ በማግሥቱ ደግሞ በይግባኝ ወርቁ ተመለሰለት። ሦስተኛ ሆኖ የነሐስ ሜዳሊያ የወሰደው አትሌታችን አዲስ አበበ ነበር። የመጀመሪያው ውሳኔ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ሜዳሊያው ብር ይሆን ነበር። እዚህ ላይ የሆነውን ሁሉም አይቷል። ያከራከረው የተደረበ ሯጭ የሠራው ሥራ ለሌላው እንደ ርዳታ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም፣ ቢቆጠርስ ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው። በአንድ ቀን ልዩነት ሁለት ተቃራኒ ውሳኔዎች መሰጠታቸው ራሱ የጥያቄውን ክብደት ያሳያል።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በሴኡል የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ኬንያዊው ጆሴፋት ማቹካ ውድድሩ ሊጠናቀቅ ሲል ኃይሌ ገብረ ሥላሴን በእጁ መታው። ማቹካ ከውጤት ተሰረዘ፤ ኃይሌ አሸነፈ። ድርጊቱም ደንቡም ግልጽ ስለሆነ የሚያከራክር ነገር አልቀረም።

ነሐሴ 22 ቀን 1993 በጀርመኗ ሽቱትጋርት የሆነው ግን ከሁለቱም ይለያል። የዓለም ሻምፒዮኑ ኬንያዊ ሞሰስ ታኑይ እየመራ፣ ኃይሌ ከኋላው ተጠግቶ ሲሮጥ፣ የመጨረሻው ዙር ደወል በሚደወልበት አካባቢ ኃይሌ የታኑይን ተረከዝ ረገጠ። የታኑይ ጫማ ወለቀ። ታኑይ በአንድ እግሩ ጫማ ብቻ ሆኖ ፈትልኮ ወጣ፤ ኃይሌም ተከታትሎ በመጨረሻው ቀጥታ ላይ ደረሰበትና ቀደመው። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ46.02፣ ታኑይ 27 ደቂቃ ከ46.54። ኬንያውያን አቤቱታ አቀረቡ፤ አቤቱታው ውድቅ ሆነ። ከተመልካቹ መካከልም በአሸናፊው ላይ የተቃውሞ ድምፅ ተሰማ።

ይህ ድምፅ ከሦስቱ ጥያቄዎች የትኛውን ይጠይቅ ነበር? ስለ ድርጊቱ አልነበረም፤ መርገጡ ታይቷል። ስለ ደንቡም መልስ ተሰጥቷል። ተጠጋግተው በሚሮጡ ሯጮች መካከል የሚያጋጥም ንክኪ ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ደንቡ የሚጠይቀው የተወዳዳሪውን መንገድ መዝጋት ወይም ማደናቀፍ ነበረ ወይ የሚለውን ነው። የቀረው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ስታዲየሙ አንድ ጫማ የጎደለውን ሰው ወኔ አየና «ክብር የሚገባው ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛው «ጥፋት አልተፈጸመም» ብሎ መለሰ። መልሱ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ የተጠየቀው ሌላ ነበር። አንድ ሰው በደንቡ አሸናፊ፣ ሌላው በተመልካች ልብ ውስጥ ጀግና ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አይቃረኑም።

እዚህ ላይ የደጋፊን አድልዎ በግልጽ ማንሳት ይገባል። ደጋፊ የሚያዳላው አውቆ ስለሚዋሽ ብቻ አይደለም፤ መርጦ ስለሚያስታውስም ነው። ኢትዮጵያዊው ሴኡልን አስታውሶ ሽቱትጋርትን ቢዘነጋ፣ ኬንያዊውም ሽቱትጋርትን አስታውሶ ሴኡልን ቢዘነጋ፣ ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ የያዙት ግን ግማሽ እውነት ነው።

የትኛው ይበልጣል?

በሩጫ ሦስተኛው ጥያቄ ከፍርዱ ውጭ ይቀራል። ከፍርዱ ውስጥ የሚገባበት ስፖርት ሲኖርስ? የወንዶች ፊገር ስኬቲንግ፣ ማለትም በበረዶ ላይ በሙዚቃ እየተንሸራተቱ፣ እየዘለሉና እየተሽከረከሩ የሚወዳደሩበት ስፖርት፣ ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ነው። ለእኛ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ሮቤል ተክለማርያም በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ የኢትዮጵያን ስም ይዞ ተወዳድሯል፤ ቀጥዬ የማነሣው ክርክርም የተነሣው በዚያው ኦሎምፒክ ነው።

አሜሪካዊው ኢቫን ላይሳቼክ በ257.67 ነጥብ ወርቁን ሲወስድ፣ ሩሲያዊው ኢቭገኒ ፕሉሼንኮ በ256.36 ሁለተኛ ሆነ። ፕሉሼንኮ በአየር ላይ አራት ጊዜ የሚያሽከረክረውን ከባድ ዝላይ ሠርቷል፤ ላይሳቼክ አልሠራም። ከዚያ ጀምሮ የስፖርቱ ወዳጆች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን «ያለ አራት ዙር ዝላይ እንዴት የኦሎምፒክ አሸናፊ ይኮናል?» አለ። ሌላው ወገን «ስፖርቱ ዝላይ ብቻ አይደለም፤ ውበትም አለው» አለ። ክርክሩ በሙሉ ጥበብና ጉልበት እንደተፋለሙ አድርጎ ይተርካል።

የነጥቡ መዝገብ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በረጅሙ ትርዒት ሁለቱም ለአቀራረብና ለጥበብ ያገኙት ነጥብ እኩል 82.80 ነበር። ልዩነቱ የመጣው «ጉልበት» በተባለው በቴክኒኩ ክፍል ነው፤ ላይሳቼክ 84.57፣ ፕሉሼንኮ 82.71። ምክንያቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ዝላይ መነሻ ዋጋ አለው፤ ዳኞች እንደ አሠራሩ ጥራት በዚያ ላይ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። በዚያን ጊዜ ደንብ፣ ከትርዒቱ አጋማሽ በኋላ፣ እግር በዛለበት ሰዓት የሚሠራ ዝላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ዋጋ ነበረው። ላይሳቼክ ከተቀናቃኙ የበለጡ ዝላዮችን በሁለተኛው አጋማሽ አስቀመጠ። ስለዚህ «ዳኞቹ ለውበት አዳሉ» የሚለው ክስ በረጅሙ ትርዒት መዝገብ ላይ አይታይም።

ታዲያ ተቃዋሚዎቹ ባዶ ጩኸት ጮኹ ማለት ነው? አይደለም። የድርጊቱን ንባብ ቢስቱም፣ የሚዛኑ ጥያቄያቸው እውነተኛ ነበር፤ ለአራት ዙር ዝላይ የተሰጠው ዋጋ ከአደጋው ጋር ይመጣጠናልን? በዚያው ዓመት የዓለም አቀፉ ማኅበር የዋጋ ሰንጠረዡን ሲያሻሽል ለመሠረታዊው አራት ዙር ዝላይ የሚሰጠውን መነሻ ከ9.8 ወደ 10.3 ከፍ አደረገ። የላይሳቼክ ወርቅ ግን አልተነካም። ትክክለኛው አካሄድ ይህ ይመስለኛል። ሚዛን የሚስተካከለው ለሚቀጥለው ውድድር ነው፤ ባለፈው ውድድር የተመዘነው በተመዘነበት ሚዛን ይጸናል።

መዝገቡን መክፈት

ይህን ሁሉ ዛሬ ልንነጋገርበት የቻልነው መዝገቡ ዝርዝር ስለሆነ ነው። ቀደም ሲል እንዲህ አልነበረም። እስከ 2004 ድረስ ዳኞች ከ6.0 የሚታረም ጥቅል ነጥብ ይሰጡ ነበር፤ 5.8 ለምን 5.9 እንዳልሆነ የሚያስረዳ ነገር አልነበረም። በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ፣ በጥንዶች ውድድር፣ ካናዳውያኑ ሁለተኛ ሲባሉ ስታዲየሙ በተቃውሞ ተናወጠ። አንዲት ፈረንሳዊት ዳኛ ጫና እንደተደረገባት መነገሩን ተከትሎ ለካናዳውያኑም ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ። አዲሱ የነጥብ አሰጣጥ የተወለደው ከዚህ ቅሌት ነው። ሆኖም አዲሱ አሠራር አንድ እንግዳ ነገር ይዞ መጣ፤ ነጥቡ በዝርዝር ሲታይ የትኛው ዳኛ የትኛውን ነጥብ እንደሰጠ ተሸሸገ። ዳኛን ከጫና ለመጠበቅ ታስቦ ነበር፤ ውጤቱ ግን ጥርጣሬን ማዳበር ሆነ። በ2016 መሸሸጉ ቀረ።

በአገራችን አባቶች ይህን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ቋጥረውታል፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች።» በቅሎ ከጭብጦ እጅግ ትበልጣለች። ሰውን የሚያንገበግበው ግን የጠፋው ነገር ትልቅነት ሳይሆን የጠፋበት መንገድ ነው። የበላ ልበልሃ ሙግት በአደባባይ፣ መንገደኛው ቆሞ እየሰማ ይካሄድ የነበረውም በከንቱ አይደለም። የተረታው ሰው ባይስማማም፣ በምን እንደተረታ ራሱም ጎረቤቱም ሰምቷል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በሆሳዕናው አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የሀዲያ ሆሳዕናን ጨዋታ የሚመለከት ደጋፊ «ዳኛው ተገዝቷል» ከማለቱ በፊት ራሱን ቢጠይቅ ይገባል፤ የምቃወመው የሆነውን ነው፣ ደንቡን ነው፣ ወይስ ሚዛኑን? ሙስና ከሦስቱ የተለየ ከባድ ክስ ነው፤ የራሱን ማስረጃ ይፈልጋል። ያለ ማስረጃ ሲወረወር ንጹሑን ዳኛ ያቆስላል፤ በእውነት የተገዛው ሲገኝም ክሱ የሚያምነው ያጣል።

እኛ መምህራንም ዳኞች ነን። የመመረቂያ ጽሑፍ ስንፈትንና ውጤት ስንሰጥ፣ ተማሪው ፊት ላይ የምናነበው ቅሬታ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው። «ይህን መልስ ጽፌያለሁ፤ አልታረመልኝም» የሚል ስለ ድርጊቱ ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ይውጣና ይታይ። «መመሪያው እንዲህ አይልም» የሚል ስለ ደንቡ ይጠይቃል፤ መመሪያው ይነበብለት። «ለአዲስ ሐሳብ የተሰጠው ዋጋ ከአጻጻፍ ሥርዐት አነሰ» የሚል ስለ ሚዛኑ ይጠይቃል፤ የእርሱ ውጤት ባይለወጥ እንኳ ጥያቄው ለትምህርት ክፍሉ ቀርቦ ለሚቀጥለው ዓመት ሊመከርበት ይገባል። ለሦስቱም «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» ብሎ መመለስ የ6.0 ዘመንን መመለስ ነው።

ተማሪዎችም ድርሻ አላችሁ። ስትቃወሙ የትኛውን ጥያቄ እንደምትጠይቁ ለይታችሁ ተናገሩ። ለይቶ የተጠየቀ ዳኛ መልስ የመስጠት ግዴታ ይወድቅበታል፤ በደፈናው የተጮኸበት ዳኛ ግን ዝም ለማለት ምክንያት ያገኛል።

 ጥያቄ ያለው መድረኩ ክፍት ነው።